ጂም ከፍዬ በሦስተኛው ሳምንት የምተወው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የ39 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። በቅርቡ ስመረመር ሐኪሙ ‹የደም ግፊትሽ ድንበር ላይ ነው፣ ስኳርሽም ከፍ ማለት ጀምሯል፣ ስፖርት ጀምሪ› አለኝ። ጂም የሦስት ወር ከፍዬ ሦስት ሳምንት ሄጄ ተውኩት፤ እንዲህ ሲያደርገኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። ጠዋት ስነሣ ፍላጎቱ የለኝም፣ ማታ ደግሞ ደክሞኝ ነው የምገባው፣ ልጆችም አሉ። ጾም ሲገባማ ጭራሽ አይታሰብም። ምን ባደርግ ነው ሞራሉ የሚመጣልኝ?»

መልስ፦

ከመጨረሻዋ ጥያቄዎ ልነሣ። ሞራሉ እስኪመጣልዎ አይጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሰው ከመነሣቱ በፊት ሳይሆን ተነሥቶ አምስት ዐሥር ደቂቃ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ከማገኛቸው ሰዎች መካከል ዓመታት ሳያቋርጡ የሚንቀሳቀሱት እንኳ ብዙውን ቀን ሳይፈልጉ ነው የሚጀምሩት። እርስዎን ደግሞ ሰነፍ አልልዎትም፤ ሁለት ጊዜ ከኪሱ ከፍሎ፣ ከሥራና ከልጆች የተረፈችውን ሰዓት ሰውቶ ሦስት ሳምንት የተመላለሰ ሰው ሰነፍ አይባልም። እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው፦ አጀማመሩ ለሰውነትዎ ከብዶት ነበር፤ ሰውነትዎም ያንን አልረሳም።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ ሞራል አንድ ጥናት ልንገርዎ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2002 የታተመ ነው፤ እንግሊዝ አገር በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተሠራ። ተማሪዎቹ በሦስት ቡድን ተከፈሉ፤ የሚጠየቁት በሳምንቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ አድርገው እንደሆነ ነው። አንደኛው ቡድን የተለየ ነገር አልተነገረውም። ሁለተኛው ስፖርት ልብን ከበሽታ እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያስረዳ ጽሑፍ አነበበ። ሦስተኛው ያንኑ ጽሑፍ ካነበበ በኋላ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ቦታ እንደሚሠራ በወረቀት ላይ እንዲጽፍ ተደረገ። ከመጀመሪያው ቡድን 38 በመቶ፣ ከሁለተኛው 35 በመቶ፣ ከሦስተኛው ግን 91 በመቶው ሠርቶ ተገኘ። ከሁሉ የሚገርመኝ ሁለተኛው ቡድን ነው። ጽሑፉን ሲያነብብ የመሥራት ሐሳቡ በርግጥ ጨምሮ ነበር፤ እግሩ ግን ከቦታው አልተነሣም። የኋላ ጥናቶች ልዩነቱን ከዚህ አነስ አድርገው ነው ያገኙት፣ ተማሪዎቹም ሠራን ያሉት በራሳቸው ቃል ነው፤ ቢሆንም ውጤቱ የሚያመለክተው አቅጣጫ ያው ነው። እንግዲህ ሐኪምዎ የነገረዎት ነገር አስደንግጦዎት ሐሳብዎ ጨምሮ ይሆናል። የጎደለው ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ነው።

አሁን ወደ ጂሙ ልመለስ። ከልምድ እንደማውቀው ዓመታት ተቀምጦ የኖረ ሰው ጂም ሲገባ ወይ አሰልጣኙ ወይ የራሱ እልህ በመጀመሪያው ቀን ትሬድሚል ላይ ሶምሶማ ያስሮጠዋል፤ ከዚያ ቁጭ ብድግ፣ ከዚያ ክብደት። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ይህ የሕመሙ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰውነት የሚችለውን ያህል ሲሠራ ትንፋሹና ኦክስጅኑ ይመጣጠናሉ፤ ከዚያ ድንበር ሲያልፍ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይቃጠላል፣ ስሜቱም ወዲያውኑ ወደ መጥፎ ይለወጣል። ላልለመደ ሰው ድንበሩ በጣም ቅርብ ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃ በትንሽ ዳገት ላይ ብቻ ሊያሳልፈው ይችላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች፣ ዳገቷም የበዛ ከተማ ናት። ዩቲዩብ ላይ ‹ለጀማሪ› ተብሎ የሚጫነውን እንቅስቃሴ የሚያሳዩት ሰዎች በአብዛኛው ሥራቸው ስፖርት የሆነ ነው፤ ከእነሱ እኩል አልሄድኩም ብለው ራስዎን አይውቀሱ።

የሰው ልጅ ባለፈው ጊዜ ክፉ ስሜት የሰጠውን ነገር ደግሞ ለማድረግ ይከብደዋል፤ ጠቃሚ መሆኑን እያወቀም ቢሆን። ጠዋት ላይ ‹ፍላጎቱ የለኝም› የሚሉት እሱ ይመስለኛል። ስለዚህ መድኃኒቱ ፍላጎትን መቀስቀስ ሳይሆን ሥራውን ማቅለል ነው፤ የሚያሳፍር እስኪመስል ድረስ ማቅለል።

ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ ግን መዘመር ካቃተዎት፣ ለልብዎና ለስኳርዎ የሚበቃው ፍጥነት ያ ነው። ሦስት ቃል ተናግረው ትንፋሽ መሳብ ካስፈለገዎት በዝተውበታልና ዝግ ይበሉ። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከዚህ ድንበር በላይ እንዲሄዱ አልፈልግም፤ ሰውነትዎ ‹እችላለሁ› ቢልዎትም።

አጨራረሱም ይቆጠራል። በ2016 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ሰዎችን በሁለት ከፍሎ እኩል ሥራ አሠራቸው፤ አንዱ ወገን ከቀላል ጀምሮ እየከበደ ሄደ፣ ሌላው ከከባዱ ጀምሮ እየቀለለ ጨረሰ። እየቀለለ የጨረሰው ወገን በሥራውም የበለጠ ተደሰተ፣ ከቀናት በኋላ ሲጠየቅም ነገሩን በመልካም አስታወሰው። በእኛ ከተማ ይህን መጠቀም ቀላል ነው፦ ጥቂት ተፍታተው ዳገቱን መጀመሪያ ይውጡ፣ መመለሻው ቁልቁለት ወይም ሜዳ ይሁን። ቤትዎ ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ ሽቅቡን እንደ ሽርሽር ይውጡት፣ ቆም እያሉ።

ምን ያህል ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ቁጥሩ ሰውን ያስፈራል። የማይነገረው ሌላው ክፍል ነው፦ በፊተኛው የ2010 መመሪያ እንቅስቃሴ የሚቆጠረው ቢያንስ ዐሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ ከተሠራ ነበር፤ በ2020 ይህ ተነሣ። ሦስት ደቂቃም ትቆጠራለች። ወደ ታክሲ የሚሄዱበት፣ ደረጃ የሚወጡበት፣ ገበያ የሚመላለሱበት ሁሉ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ከምንም ወደ ጥቂት የሚደረገው ጉዞ ነው ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው፤ ከብዙ ወደ በጣም ብዙ የሚደረገው አይደለም።

በቀን 10,000 እርምጃ የሚለውንም ይርሱት። ቁጥሩ ከሕክምና አልመጣም። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ካሸነፈበት የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ በኋላ፣ በ1965 አንድ የጃፓን ድርጅት ለገበያ ካቀረበው የእርምጃ መቁጠሪያ የተወሰደ ነው። በ2019 የወጣ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ከ16,000 በላይ የአሜሪካ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ በቀን 4,400 እርምጃ ያህል የሚራመዱት 2,700 ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኘ፤ ጥቅሙ ከ7,500 በኋላ ብዙም አልጨመረም። እርስዎ ወጣት ስለሆኑ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ ግን ከስልክዎ ላይ ያለው ቁጥር 3,000 ከሆነ 4,500 ማድረስ ቀላል ነገር አይምሰልዎ።

ስለ ስኳሩ ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለኝ። በ2002 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት እንደ እርስዎ ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ፣ ግን ሕመሙ ገና ያልያዛቸው 3,234 ሰዎችን ሦስት ዓመት ያህል ተከታተለ። በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱ የተረዱት ሰዎች በስኳር ሕመም የመያዛቸው ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን ኪኒን የወሰዱት በ31 በመቶ። አብዛኞቹ ያደረጉት እንቅስቃሴ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነበር። ጂም አልነበረም።

ወደ እርስዎ ቀን እንግባ። ጠዋቱን ይተዉት፤ ልጆች ተነሥተው፣ ቁርስ ተሠርቶ፣ ታክሲ ተይዞ፣ እዚያ ላይ ሌላ ነገር መጫን አልፈልግም። ጎሕ ሳይቀድ ብቻዎን መውጣትም ከውሻውና ከጨለማው ጋር አይመከርም። ጥሩው ሰዓትዎ ምሳ ሰዓት ይመስለኛል። ከምግብ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ከምግቡ የሚነሣውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል፤ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ብዙ ኢንሱሊን ሳይፈልግ ስኳሩን ከደም ይወስዳልና። ስለዚህ እንዲህ ብለው በእጅዎ ይጻፉ፦ «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ምሳ በልቼ እጄን እንደታጠብኩ፣ ቢሮ ሳልመለስ ከባንኩ በር ወጥቼ እስከ እንዲህ ያለው ሕንፃ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።» የሕንፃውን ስም ይጻፉት። እጅ መታጠብን የመረጥኩት ከምሳ በኋላ የማይቀር ነገር ስለሆነ ነው፤ ማስታወሻ የሚሆን ስልክም ሆነ ሞራል አያስፈልገውም። ጉዞው ደርሶ መልስ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን በቂ ነው። ምቹ ጫማ መሳቢያዎ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ባለ ተረከዝ ጫማ ብዙ ሴቶችን ከመንገድ ያስቀረ ነገር ነው።

ከዚያ ሥር ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «ካልፈለግኩ፣ ከደከመኝ ወይም ሥራ ከበዛ፣ ከበሩ ወጥቼ አንድ ጊዜ ሕንፃውን ዞሬ እገባለሁ።» ይህቺን የክፉ ቀን ድርሻ እላታለሁ፣ ከዋናዋም አስበልጬ ነው የማያት። ሦስት ደቂቃ ብትሆን ነው፤ ለልብ ብዙ አትጠቅምም። የምትጠብቀው ልማዱን ነው። ሞራልዎ የሞተ ዕለት ‹ዐሥራ አምስት ደቂቃ ወይስ ምንም› ከሚል ምርጫ ፊት አይቆሙም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የወጣ ሰው ትንሽ ይጨምራል፤ ባይጨምርም ግን ቃሉን ጠብቋል፣ ቀኑ እንደተሟላ ይቆጠርለታል።

ቢያመልጥዎትስ? ያመልጥዎታል። በ2010 ለንደን ውስጥ በ96 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አንድ ድርጊት ሳያስቡት የሚሠሩት ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን እንደሚፈጅ አሳየ፤ ግን ከሰው ሰው ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። አንድ ቀን መዝለል የልማዱን አካሄድ ያን ያህል አላበላሸውም። እርስዎ ሁለቱንም ጊዜ የተዉት በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ገና መንገዱ ሳይጋመስ። ያኔ ሥራው አሁንም ትግል መሆኑ የሚጠበቅ ነገር እንጂ ‹ይሄ ለእኔ አልተፈጠረም› የሚያሰኝ ምልክት አልነበረም።

ለምሳው ጉዞ ጓደኛ ቢያገኙ ይበልጥ ይሳካል፤ አንዲት የሥራ ባልደረባ ‹ዛሬ አንወጣም እንዴ?› ብላ በሩ ላይ ስትቆም እምቢ ማለት ይከብዳል። ብቻዎን ከሆኑ ደግሞ የሚወዱትን የሬዲዮ ትረካ ወይም መዝሙር ለዚያ ጉዞ ብቻ ያስቀምጡት፤ ሌላ ጊዜ አይስሙት። ከእናትዎ ወይም ከእኅትዎ ጋር የሚያወሩትንም ስልክ እየተራመዱ ያውሩ።

ከምሳው ውጭ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ማታ የታክሲ ሰልፉ ረጅም ከሆነ ቆመው ከሚጠብቁ እስከሚቀጥለው ፌርማታ በእግር ይሂዱ። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ሰፈርዎ ደርሰው ከሆነ ደግሞ መራመዱ ከድሮው በጣም ቀሏል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላይኛው ፎቅ ከሆኑ ደረጃውን እንደ ቅጣት አይቁጠሩት። በ1953 የታተመ ታዋቂ የለንደን ጥናት ተቀምጠው በሚውሉ የአውቶቡስ ሹፌሮችና ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ እየወጡና እየወረዱ ትኬት በሚቆርጡ ረዳቶች መካከል ያለውን ልዩነት አይቶ፣ የልብ ሕመም በረዳቶቹ ላይ በጣም ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። እነዚያ ሰዎች ስፖርት እንሠራለን ብለው አያውቁም፤ ሥራቸው ነበር።

ጡንቻ የሚያጠነክረውን በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ይሥሩት። ከወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ ስምንት ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ በእጅ ተደግፎ ስምንት ጊዜ ፑሽ አፕ፤ ጥቂት ዐርፎ መድገም። ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ትንፋሽ ይዘው አይግፉ፤ የደም ግፊት ድንበር ላይ ላለ ሰው ጥሩ አይደለም፣ ሲገፉ ያስወጡ። ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ምሳ ሰዓት ላይ ሲወርድ፣ የቢሮውን ደረጃ ይጠቀሙ። ከልጆች ጋር ሙዚቃ ከፍቶ ሁለት ዘፈን እስክስታ መውረድም ከልቡ እንቅስቃሴ ነው፤ ትንፋሽዎን ያዳምጡና ያዩታል።

ስለ ጾም በተለይ ጠይቀዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ካቆሙ ከፋሲካ በኋላ እንደ አዲስ መጀመር ይሆናል። ስለዚህ መጠኑን እንጂ ልማዱን አይቁረጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ የምሳው ጉዞ የመጀመሪያውን ምግብ ተከትሎ ይሂድ፤ እጅ ሲታጠቡ የሚለው ሕግ አይለወጥም። ባዶ ሆድ ላይ ከሆኑ የክፉ ቀን ድርሻዋ ትበቃለች። የዕለቱን ጾም ሲፈቱ ውኃ በደንብ ይጠጡ፣ ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን አያሳንሱ፤ ጡንቻ የሚጠገነው በእነሱ ነው። ስግደት የሚሰግዱ ከሆነ ያም ለእግርና ለወገብ እውነተኛ ሥራ ነው፤ የሰገዱ ቀን ወንበሩን ይተዉት። ለሌሎች አንባቢዎች ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ጾሞ ቢንቀሳቀስ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር።

ቅዳሜና እሑድ ምንም አላዘዝኩም። ደስ ካለዎ ልጆቹን ይዘው እንጦጦ ፓርክ ይውጡ፣ ወይም ‹መንገድ ለሰው› በሚደረግበት እሑድ መኪና በተዘጋበት አስፋልት ላይ ብስክሌት ያስነዷቸው። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ጠዋት የሚሮጡትን አይተው ግን ከእነሱ ጋር አይፎካከሩ።

አሁን ከበድ ወዳለው ነገር። ‹ፍላጎት የለኝም› ያሉት ስለ ስፖርት ብቻ ነው ወይስ ስለ ሁሉም ነገር? ድሮ ደስ ይልዎት የነበረው ነገር ሁሉ ደስ ማለቱን ካቆመ፣ እንቅልፍ ከተቃወሰ፣ ሆድ ከባሰዎ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ ድባቴ ሊሆን ይችላልና የጤና ባለሙያ ያማክሩ። ሕመም ነው፤ ይታከማል። እንቅስቃሴ ራሱ ከሕክምናው አንዱ ነው፦ በ1999 የወጣ ጥናት ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ 156 የድባቴ ታካሚዎችን ከፋፍሎ ሲያወዳድር፣ ከ16 ሳምንት በኋላ በቡድን ስፖርት የሠሩትና ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ተቀራራቢ መሻሻል አሳይተዋል። ይህ ግን መድኃኒት ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ ድባቴ የያዘውን ሰው ‹ተነሥና ሩጥ› ማለትም ጭካኔ ነው። ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ የሚመጣ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ነግረው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ድካሙም የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የወር አበባዎ የሚበዛ ከሆነ የደም ማነስ ይመርመሩ፤ ብረት ያነሰው ሰው ደረጃ ላይ የሚያለከልከው ሞራል አጥቶ አይደለም። ብርድ የሚበዛብዎት፣ ክብደት ያለ ምክንያት የሚጨምር፣ አንገት ላይ እብጠት ያለ ከሆነ እንቅርቱ ይታይ። ማታ እንደሚያንኮራፉ ከተነገረዎና ጠዋት ሳያርፉ የሚነሡ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሲራመዱ ደረት ላይ የሚጫን ወይም የሚጨንቅ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ወዲያው ያቁሙና ይታዩ።

የደም ግፊትዎን በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ሰዓት፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ ያስለኩና ይመዝግቡ። የስኳሩን ነገር ለማየት ደግሞ ሐኪምዎን የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ አሁን አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ጊዜ። ሁለተኛውን ውጤት ሲይዙ ምሳ ሰዓት ላይ ስንት ቀን እንደወጡና ስንት ቀን የክፉ ቀን ድርሻዋን ብቻ እንደሠሩ አብረው ጽፈው ይላኩልኝ፤ ፍጥነቱን መቼ ከፍ እንደምናደርግ ያን አይተን እንወስናለን።